እንቁላሉ ሰምጧል

በድሬዳዋ የመዋዕለ ሕፃናት መምህራን በየክረምቱ ዝም ማለትን ይሠለጥናሉ። ሥልጠናው "ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ" ይባላል፤ የሚሰጠውም በአንድ አሮጌ መጋዘን ውስጥ ነው። የድሬ ክረምት ክረምትነቱ በካላንደር ላይ ብቻ ስለሆነ ሠልጣኞቹ ላባቸውን እየጠረጉ ዝም ይላሉ።

ዘቢባ አብዲ በዚህ ሥልጠና ጎበዝ ሆና አታውቅም። ድሬ ተወልዳ ያደገች፣ ሠላሳዎቹን የጀመረች ሴት ናት። ባጃጅ ውስጥ አብሯት ከተሳፈረ ከማታውቀው ሰው ጋር ስለ ጨጓራው አውርታ ትወርዳለች። ዝምታ አልፈጠረባትም።

ዝም ማለት የተፈለገው በአዋቂው ምክንያት ነበር። አዋቂው ከኮት ቁልፍ የማይበልጥ የሚናገር መሣሪያ ሲሆን፣ ሕፃን መራመድ ሲጀምር አንገትጌው ላይ ይደረግለታል። መጀመሪያ ላይ ልጁ ይጠይቃል፣ አዋቂው ይመልሳል። ቀጥሎ የመጣው ዓይነት ደግሞ ልጁ ለመጠየቅ አየር ሲስብ ሰምቶ ቀድሞ ይመልስ ጀመር። በመጨረሻ ልጆቹ አየር መሳቡንም ተዉት። ድሮ አዋቂ የሚባለው ጨሌ አንጥፎ የገብስማ ዶሮ የሚያዝ ሰውዬ እንደነበር ሽማግሌዎች ያወራሉ፤ ይሄኛው ዶሮ ስለማይጠይቅ ወላጅ ሁሉ ወዶታል።

ለመምህራን የቀረው ሥራ አፍንጫ መጥረግ፣ ሽንት ቤት መውሰድና ማታ ቻርጅ የሚደረጉትን አዋቂዎች ጠዋት ከየልጁ አንገት ላይ ማድረግ ነው። ሳይንስም አለ። በሳይንስ ሰዓት መምህሯ የብርሃን ጠረጴዛው አጠገብ ትቆምና ከብርሃን የተሠራ ነገር ከብርሃን የተሠራ ውኃ ውስጥ ሲገባ በእጇ ታሳያለች። ይህ "በእጅ የሚሠራ ሳይንስ" ይባላል። እጅ አለበትና።

በዚያ ዓመት አሠልጣኝ ሆኖ ከአዲስ አበባ የመጣው ልዑልሰገድ የሚባል፣ ነጭ ኮት የለበሰና ኮቱን በዚያ ሙቀት እንኳ የማያወልቅ ሰው ነበር። ከሠልጣኞቹ ግማሾቹን መምህር፣ ግማሾቹን ሕፃን አደረጋቸው። ጡረታ የተቃረበችው መምህርት አስካለ የሚናከስ ልጅ እንድትሆን ታዘዘችና ሚናዋን ከልቧ ተጫወተች፤ አንዲት የገንደ ቆሬ ሰፈር መምህርት ክንዷን በበረዶ ይዛ ዋለች።

"ልጅ 'ለምን?' ቢላችሁ ምን ትላላችሁ?" ሲል ጠየቀ ልዑልሰገድ።

"አዋቂውን ስማው!" አለ መጋዘኑ በአንድ ድምፅ።

"'እኔ እንጃ' የሚል መምህር አለ?"

"የለም!"

"ቢኖርስ?"

"ወረርሽኝ ነው!"

ሕፃን እንድትሆን የተመደበችው ዘቢባ እጇን አወጣች። "ቲቸር፣ ለምንድን ነው ዝም የምንለው?"

"ከሚናሽ አትውጪ።"

"አልወጣሁም። ልጅ ነኝ፤ ልጅ ይጠይቃል።"

"ልጅ አይጠይቅም" አለ ልዑልሰገድ። ማስፈራራቱ አልነበረም፤ እንደ አየር ትንበያ ነው የተናገረው።

"አንተ ልጅ ሆነህ አልጠየቅክም?"

መጋዘኑ ሳቀ። ልዑልሰገድ ግን የገረመው ጥያቄው ሳይሆን "አንተ" መባሉ ነበር። ድሬ ውስጥ ሚኒስትርም ቢመጣ አንተ እንደሚባል ማንም አልነገረውም። የዘቢባ ውጤት ዝቅ ብሎ ተመዘገበ፤ ትምህርት ሲከፈት ክፍሏ ውስጥ እንድትገመገምና ካላለፈች የማስተማር ፈቃዷ እንዲሰረዝ ተወሰነ።

ዘቢባ ሌላ ሙያ የላትም፤ የልጆቹንም ነገር ትወዳለች። ሲያስነጥሱ ራሳቸው እንደሚደነግጡ፣ ጫማቸውን ግራና ቀኝ አቀያይረው አድርገው ደረታቸውን ነፍተው እንደሚሄዱ ዐይታ አትጠግብም። ስለዚህ ክረምቱን ሙሉ መስተዋት ፊት ቆማ ዝም ማለትን ተለማመደች። እህቷ ታማ መስሏት ሐኪም ልትጠራ ነበር።

የግምገማው ቀን ደረሰና ልዑልሰገድ "ምንጭ መዋዕለ ሕፃናት" በር ላይ ከባጃጅ ሲወርድ መብራት ጠፋ። በዚያ ዘመን ሰው ጨረቃ ላይ ድንች ተክሎ ይበላል፤ ድሬ ላይ መብራት ይጠፋል። የብርሃን ጠረጴዛው ጠረጴዛ ብቻ ሆኖ ቀረ።

ርዕሰ መምህሯ ወይዘሮ ጽጌማርያም ላብ በላብ ሆነች። "ነገ ይምጡልን።"

"የምሳ ሰዓቱን ባቡር ነው የምይዘው" አለ ልዑልሰገድ። "ፈቃዷ ደግሞ ዛሬ ነው የሚያበቃው።" ጥቂት አሰበ። ሕግ አክባሪ ሰው ስለሆነ ሕጉን እስከ ግርጌው ያውቀዋል። "መመሪያው ጠረጴዛው ካልሠራ በእውነተኛ ቁስ መተካት ይፈቅዳል። ማንም ተጠቅሞበት አያውቅም እንጂ ይፈቅዳል።"

የዕለቱ ትምህርት ስለ መስመጥ ነበር፤ የሚያስፈልገውም ውኃና እንቁላል ነው። ውኃው ከጓሮ በርሜል ተገኘ፤ ልብስ ማጠቢያ ሳፋም አለ። እንቁላሉ ነው ያስቸገረው። እንቁላል ለከተማው ሕዝብ በላስቲክ ከረጢት ፈሳሹ ብቻ ተሞልቶ መምጣት ከጀመረ ቆይቷል፤ በከተማ ዶሮ ማርባትም ክልክል ነው። ያም ሆኖ የግቢው ጠባቂ ጋሽ ጠሃ ከተበላሸው ጄኔሬተር ጀርባ "ኮማንደር" የምትባል ዶሮ እንደደበቀ፣ ከመንግሥት በስተቀር የማያውቅ አልነበረም። ጋሽ ጠሃ ገምጋሚውን በጥርጣሬ እያየ ጄኔሬተሩ ሥር በደረቱ ተንፏቀቀና አንድ እንቁላል ይዞ ወጣ። በሱሪው ጠረገው።

"ትኩስ ነው?" አለችው ዘቢባ።

"የዛሬ ነው፣ ወላሂ!"

እንቁላሉ መቼ እንደተጣለ የምታውቀው ኮማንደር ብቻ ነበረች፤ እሷን ደግሞ ማንም አልጠየቃትም።

ልጆቹ ሳፋውን ከበው ቁጭ አሉ። ቅርፊት ያለው እንቁላል አይተው አያውቁም። አንዱ ድንጋይ ነው አለ፤ ሌላዋ የትልቅ ሰው ክኒን ነው አለች። የየልጁ አዋቂ በአንድ ድምፅ ጀመረ፦

"ዛሬ ስለ መስመጥ እንማራለን። ትኩስ እንቁላል ውኃ ውስጥ ሲገባ ይሰምጣል። ምን ይሆናል?"

"ይሰምጣል!" አሉ ልጆቹ።

ዘቢባ ዝም ብላ፣ በጣም በሚያምር ዝምታ፣ እንቁላሉን ውኃው ውስጥ ለቀቀችው። እንቁላሉ ጠለቅ አለ፤ ከዚያ ሐሳቡን እንደቀየረ ሰው ተመልሶ ወጣና ወፍራም ጫፉን አየር ላይ አድርጎ ተንሳፈፈ።

"እንቁላሉ ሰምጧል" አሉ አዋቂዎቹ። "ጎበዞች!"

ልጆቹ እንደልማዳቸው አጨበጨቡ። ጭብጨባው ግን መሀል ላይ እየሳሳ ሄዶ ቆመ። መጀመሪያውኑ ያላጨበጨበችው ሰልዋ ነበረች፤ የፊት ጥርሷ የወለቀ፣ ጠባብ ሱሪዋ ሁልጊዜ የሚያስቸግራት የአምስት ዓመት ልጅ።

"ቲቸር፣ አልሰመጠም።"

ዘቢባ ዝም አለች።

ሰልዋ ሳፋው ላይ ጎንበስ አለችና እንቁላሉን ተቆጣችው። "ስመጥ እንጂ! አልሰማህም?"

አንዱ ልጅ በጣቱ ገፋው። ወረደ፤ ተመልሶ ወጣ። ልጁ በሳቅ ፈነዳ። ሁሉም መግፋት ፈለጉ፣ ተጋፉ፣ ውኃው ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ልዑልሰገድ ዘቢባ ጆሮ ሥር ደረሰ።

"ሰምጧል በያቸውና እንጨርስ።"

"አልሰመጠም እኮ።"

"እኔም አየሁት። ሰምጧል በያቸው። ካልሽ አለፍሽ።"

አንዲት ቃል ነበረች፤ ያውም አጭር። ዘቢባ አፏን ልትከፍት ስትል ሰልዋ ቀሚሷን ጎተተቻት። ፊቷን ወደ አንገትጌዋ ሳይሆን ወደ ላይ፣ ወደ ዘቢባ ዐይን ቀና አደረገች።

"ለምን?"

ዘቢባ ማስተማር ከጀመረች ወዲህ ልጅ ምንም ነገር ጠይቋት አያውቅም። መልስ ፈለገች፣ የሥልጠናውን መፈክር ፈለገች፤ ሁለቱም ጠፉ። የቀረላት እውነቱ ብቻ ነበር።

"እኔ እንጃ" አለች።

አዋቂዎቹ ሁሉ አንዴ ጢጥ አሉ። ልጆቹ ዐይናቸውን አፈጠጡ።

"ቲቸር አታውቅም!" አለ አንዱ። የምሥራች ነበር የሚመስለው። "እኔም አላውቅም!"

"እኔም!"

"እኔ ደግሞ ከሁላችሁም በላይ አላውቅም!"

ሰልዋ በዚህ ፉክክር አልተካፈለችም። "ውስጡ ምን አለ?" አለችና እንቁላሉን አንስታ በሁለት እጇ ጨመቀችው።

ፈነዳ። የወጣውን ነገር ቀለም መግለጽ ይቻላል፤ ሽታውን ግን አይቻልም። አብዛኛው ያረፈው ነጩ ኮት ላይ ነው። ወይዘሮ ጽጌማርያም በመስኮት ጮኸች፤ ጋሽ ጠሃ ከሩቅ ሸትቶት ገባውና ኮማንደርን በብብቱ ይዞ ከግቢ ወጣ። ልጆቹ እየጮኹ ሮጠው ወጡ። ከዚያ ቆም ብለው ተያዩና አፍንጫቸውን ይዘው፣ ተራ እየጠበቁ፣ ደግመው ሊያሸቱ ተመለሱ። ልዑልሰገድ ሳፋውን ተንበርክኮ ለሌላ አገልግሎት አዋለው። የምሳ ሰዓቱ ባቡር አላመለጠውም፤ ፉርጎው ውስጥ ግን ብቻውን እንደተጓዘ ተሰምቷል።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ልጆቹ ግን ወደ ቤት ሄዱና ውኃ ፈለጉ። የአባት ጫማ፣ ዳቦ፣ ቁልፍ፣ የአያት ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ አንዲት እምቢ ያለች ድመት፣ ሁሉም ባልዲ ውስጥ ገብቶ ተሞከረ። በመጨረሻ ከልጆቹ አንዱ አዋቂውን ራሱን አንገትጌው ላይ አየውና ባልዲ ውስጥ ጨመረው፤ ሌሎቹም ተከተሉት። አዋቂው ይሰምጣል። እየሰመጠ ግን ምንም አልተናገረም።

የሰልዋ እናት ነዒማ ደረቅ ወደብ ላይ ክሬን የምታንቀሳቅስ፣ ኮንቴይነር በማንሳት ብዛት ለሰው ትዕግሥት የሌላት ሴት ናት። ውኃ የጠጣውን አዋቂ በላስቲክ ይዛ መዋዕለ ሕፃናቱ ድረስ መጣች። ሌሎች ወላጆችም ከኋላዋ ነበሩ።

"ምን አድርገሽብኝ ነው ልጄን?" ስትል ዘቢባ ላይ ጮኸች። "ቁርስ ላይ ምን አለችኝ መሰለሽ? 'እማዬ፣ ስትቆጪ አፍንጫሽ ለምን ያብጣል?'"

"ምን አልሻት?"

"ምን እላታለሁ? እኔ እንጃ አልኳታ!"

"ከዚያስ?"

የነዒማ ድምፅ ትንሽ ወረደ። "ከዚያማ መስተዋት ፊት ወሰደችኝና ተቆጪ አለችኝ። ተቆጣሁ። እውነትም ያብጣል።" ላስቲኩን ከእጅ ወደ እጅ አዛወረች። "ሥራ ዘገየሁ። እሷም እኔም እየሳቅን። አሁን ይሄን ማን ነው የሚተካልኝ?"

የሕፃናት ዕውቀት ባለሥልጣን የሚባለው መሥሪያ ቤት ውሳኔውን ፈጥኖ ላከ። ዘቢባ ፈቃዷን ማትረፍ የምትችለው ወላጆች ባሉበት የማረሚያ ትምህርት ከሰጠች ነው። ትክክለኛ እንቁላል ይዞ የሚመጣው ልዑልሰገድ ነው። ዘቢባ እንቁላሉን አስምጣ ስታበቃ "ያለፈው እንቁላልም ሰምጦ ነበር፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ" ትላለች። ሌላ ምንም የለበትም።

ዘቢባ ልትለው ወስና ነው የሄደችው። እህቷም "በያውና ተገላገይ፤ እንቁላሉ እንደሆነ አይከስሽም" ብላታለች።

ልዑልሰገድ አዲስ ኮት ለብሶ፣ እንቁላሉን በታሸገ ቀዝቃዛ ሳጥን ይዞ መጣ። ወላጆች ከኋላ ተደረደሩ። ልጆቹ አዳዲስ አዋቂ ተደርጎላቸዋል፤ እንዳይወልቅ የተሰፋ። ዘቢባ እንቁላሉን ለቀቀችው። ሰመጠ፤ ሳፋው ሥር ጋደም አለ።

"እንቁላሉ ሰምጧል" አሉ አዋቂዎቹ። "ጎበዞች!"

ልጆቹ ከልባቸው አጨበጨቡ፤ ሰልዋም አጨበጨበች። ሰምጧላ።

"ያለፈው እንቁላል..." አለች ዘቢባ።

ሰልዋ አየቻት። እንቁላሉን የጨመቁት እጆቿ ጉልበቷ ላይ ነበሩ። "ያለፈው እንቁላል..." አለች እንደገና፤ ቀሪው አልወጣም። ልዑልሰገድ በከንፈሩ ብቻ "ሰምጦ ነበር" አላት።

አዋቂዎቹ ሊረዷት ፈለጉ። "ያለፈው እንቁላል ሰምጦ ነበር" አሉ በአንድነት።

ልጆቹ ወደየአንገትጌያቸው ጎንበስ ብለው አዩ። መጀመሪያ የሳቀው ያ እንቁላሉን በጣቱ የገፋው ልጅ ነው። ከዚያ ሁሉም። ሱሪው በወለቀ ትልቅ ሰው ላይ እንደሚሳቀው ዓይነት ሳቅ ነበር።

"አንተ ደግሞ!" አለች ሰልዋ አንገትጌዋን። "አልነበርክም እንዴ?"

ከኋላ ነዒማ አፏን በመዳፏ ስትይዝ ዘቢባ አየቻት። እሷም መቆጣጠር አቃታት፤ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ዐይኗን ጠርጋ ልጆቹን ተመለከተች።

"ተንሳፍፎ ነበር" አለች። "አይታችሁታል። አሽትታችሁታልም። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ማወቅ ግን እፈልጋለሁ።"

ደረቷ ላይ ያለው የመምህርነት መለያ ቀላ። "መምህርት ዘቢባ፣ ስላገለገሉን እናመሰግናለን" አለ። በዚያ ግቢ ውስጥ አንቱ ያላት እሱ ብቻ ነበር።

ዘቢባ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። የልጆቹን ፊት ላለማየት ቶሎ ነው የወጣችው። በሩ ጋ ባጃጅ ስትጠብቅ የቀረው ሳቋ ለቅሶ ሆነባት፤ ሻርፗን ጎትታ ፊቷን ሸፈነች። ሻርፗን ስታነሳ ልዑልሰገድ አጠገቧ ቆሟል። እጁ ላይ እንቁላሉ አለ፤ ውኃው እጅጌው ውስጥ እየፈሰሰ።

"ፈቃድሽን ልመልስልሽ አልችልም" አለ።

"አልጠየቅኩህም።"

አልሄደም። ወዲያና ወዲህ አየ። "እውነቱን ንገሪኝ። ለምን ተንሳፈፈ?"

"አንተ አይደለህ አሠልጣኙ?"

"እኔ የማውቀው እንደሚሰምጥ ነው። ስንት ዓመት ሙሉ ስለ እንቁላል ሳሠለጥን ይዤው አላውቅም ነበር። ይሞቃል ብዬ ነበር የማስበው።" እንቁላሉን በመሀረቡ አደረቀው። "የዚያን ቀኑ የቆየ ነበር መሰለኝ። ይሄም ቢቆይ እንደዚያ ይሆን?"

"አላውቅም። ግን ባቡር ውስጥ እንዳትቀመጥበት።"

እንቁላሉን የደረት ኪሱ ውስጥ ከተተና፣ የታመመ ሰው እንደሚሄደው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ሄደ።

ዘቢባ እህቷ ሱቅ ውስጥ ጨርቅ መሸጥ ጀመረች። ብዙም ሳይቆይ ነዒማ ሰልዋን በአንድ እጇ፣ ባልዲ በሌላው ይዛ የሱቁ በር ላይ ተገተረች።

"ይቺን ልጅ እኔ አልቻልኳትም። ትላንት ስለ ሰማይ ስትጠይቀኝ ዋለች። አንቺ ነሽ የጀመርሽው፣ አንቺው ጨርሺው።"

እንደዚህ ሆኖ ከሰዓት በኋላ ሰልዋ የዘቢባ ግቢ ውስጥ መዋል ጀመረች፤ ሌሎችም ተከተሉ። አዋቂዎቹ ከነሸሚዛቸው ግንቡ ላይ ይሰቀላሉ፤ እዚያው ሆነው ለማንም እየመለሱ ይውላሉ። ጋሽ ጠሃ ኮማንደርን አመጣ። መምህርት አስካለ ለማየት ብላ መጣችና ጫማዋን አውልቃ ቀረች፤ በሚቀጥለው ቀን ሁለት መምህራን ጨምራ መጣች። ሥልጠና ነው ያለው ሰው ግን አልነበረም። ሳፋ ይከቡና ይከራከራሉ። አንድ ቀን ሰልዋ እንቁላል ሞቅ ያለ ውኃ ውስጥ አስገብታ አፍንጫዋ እስኪነካው ስታፈጥ፣ ከቅርፊቱ ላይ መርፌ የሚያካክሉ አረፋዎች ሲወጡ አየች።

"ይተነፍሳል!" ብላ ጮኸች፤ የሰፈሩ ሰው ሕፃን የወደቀ መስሎት ተሯሯጠ።

ልዑልሰገድ ከአዲስ አበባ ይደውል ነበር። ድምፁን ቀንሶ፣ እንደ ሌባ።

"ቢሮዬ ነው ያስቀመጥኩት፣ መሳቢያ ውስጥ። ብርጭቆ ውኃ ውስጥ እያስገባሁ አየዋለሁ። አሁንም ጋደም እንዳለ ነው።"

በሌላ ጊዜ፦ "አንደኛውን ጎኑን ቀና አድርጓል። እመኚኝ፣ ትንሽ ቀና ብሏል።"

ዘቢባ ስለ አረፋዎቹ ነገረችው። "ቀዳዳ አለው ማለት ነው። ውስጡ ያለው እየወጣ አየር የሚተካው ይመስለናል። ሰልዋ ናት ያገኘችው።"

"ልጅቷን አመስግኚልኝ" አለ።

ቀጥሎ ሲደውል ድምፁን መቀነሱን ረስቶታል። "ቆመ! በሹሉ ጫፍ ቆሟል፣ ሥሩን ሳይለቅ!" ከዚያ ለረጅም ጊዜ ጠፋ። ዘቢባ ደርሰውበት አባረሩት ብላ አሰበችና፣ ሳታስበው፣ አዘነችለት።

አንድ ረፋድ ላይ ለደንበኛ ሻሽ ስትለካ ስልኳ ጠራ። ከበስተጀርባው የብዙ ሰው ጫጫታ ይሰማል።

"ተንሳፈፈ!" አለ ልዑልሰገድ። "ዘቢባ፣ ተንሳፈፈ! የአገሪቱ አሠልጣኞች በሙሉ እዚህ ናቸው። እያስተማርኳቸው ሳለ አላስችል ብሎኝ ከመሳቢያ አውጥቼ አሳየኋቸው። አለቃዬ በሩ ላይ ቆሞ 'ሰምጧል' እያለ ነው። ሌሎቹ ግን መድረኩ ላይ ወጥተው ከበውኛል፤ ውስጡን ማየት ይፈልጋሉ። ልስበረው?"

"መጀመሪያ መስኮት ክፈት።"

"የዚህ ሕንፃ መስኮት አይከፈትም።"

"እንግዲያው በሩን..." አለች ዘቢባ።

ሳትጨርስ ከወዲያ ማዶ ቀጭን የስንጥቅታ ድምፅ ተሰማ። ከዚያ ወንበር ሲገለበጥ፣ ሰው ሲያስታውክ፣ የብዙ ሰው ጫማ ወደ በሩ ሲሮጥ ሰማች። ስልኩን ሳትዘጋ ጠበቀች። ጫማዎቹ ኮሪደሩ ላይ ቆሙ። ጥቂት ተንሾካሾኩ። ከዚያ አንድ በአንድ፣ ቀስ እያሉ፣ ተመልሰው መምጣት ጀመሩ።